የሁለት እህትማማቾች ክኒን

ልብስ ሰፊዋን ያገኟት ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ፣ ሞታ ነው። ግንባሯ በላብ ርሷል፤ የጀመረችው እጅጌ መርፌው ሥር ቀርቷል። ልጇ በሩ ጥግ ቆማለች። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሁለት ክኒን ለእናቷ የምታቀብለው እሷ ነበረች፤ ሐኪሙ ደግሞ የክኒኑን ጠርሙስ አይቶ «ይሄ የሷ መድኃኒት አይደለም» ብሏል። ምን ይዋጣት?

መርማሪው ችኮላ የማያውቅ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ እናትሽን ምን ነበር የሚያማት?»

«እንቅርት። የአንገቷ እጢ ከልክ በላይ ይሠራል፣ ክኒኑ ያበርድላታል ተብሎ ነው።»

«ሰሞኑንስ?»

«ባሰባት። ከሳች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ መስኮት ክፈቱልኝ ትላለች። እኔ ደግሞ ክኒንሽን አትርሺ እያልኩ...»

«ምን ትጠይቃታለህ፣ የገደለቻት ይቺው ናት» አለች አክስቷ፣ የሟች እህት፣ ከማዶ። በዚያ ሙቀት ወፍራም ሹራብ ደርባለች፤ ድምጿ ጎርንኗል፣ ፊቷ አባብጧል። «ሱቁን ልታወርሳት ነበር። ክኒኑን ከሷ በቀር የነካው የለም።»

ልጅቷ እስር ቤቱ አሁኑኑ ታያት።

መርማሪው ግን የአክስትየውን ሹራብ ሲያይ ቆየና ባለመድኃኒቱን አስጠራ። ሰውየው የሁለቱን እህትማማቾች የመድኃኒት ካርድ ይዞ ከተፍ አለ። ሁሉም ቁርጥራጭ ጨርቅ በሞላበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ።

«ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«የታይሮይድ ሆርሞን። እጢዋ አንገት ላይ ክንፏን እንደዘረጋች ቢራቢሮ ተቀምጣ የሰውነትን ምድጃ ታነዳለች። ይሄ እጢው በቀዶ ሕክምና ለወጣለት ሰው ነው የሚሰጠው። ለሟች ግን እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው።»

«እጢው የወጣለት ማነው?»

ባለመድኃኒቱ ወደ አክስትየው ዞረ። እሷም አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ሻርፕ አጠበቀች።

«ከአርባ ሁለት ቀን በፊት ለሦስት ወር የሚሆን ዘጠና ክኒን ወስደዋል» አለ መርማሪው ካርዷን እያነበበ። «የቀረው የታለ?»

«እኔ... በየቀኑ እውጣለሁ።»

«ቢውጡማ በዚህ ሙቀት ባልበረደዎት፣ ፊትዎም ባላበጠ። ባለመድኃኒቱ ተሳስቶ አቀያይሮ ቢሆን የእህትዎ ክኒን እርስዎ ጋ ይገኝ ነበር፤ ቤትዎ ያገኘነው ጠርሙስ ግን ባዶ ነው። ይቺ ልጅ ሰርቃዎት ቢሆን አገር ይያዝልኝ ይሉ ነበር። ቀን ሁለት፣ አርባ ሁለት ቀን፣ ሰማንያ አራት። በሟች ጠርሙስ ውስጥ የቀረው ስድስት ነው። ዘጠናው ሞላ፤ የእህትዎን ክኒን ደፍተው የራስዎን የሞሉበት እርስዎ ነዎት። ሦስት ወሩ ሳይሞላ ሌላ ቢጠይቁ ደግሞ ካርዱ ያጋልጥዎታል፤ ስለዚህ ዝም ብለው ታመሙ።»

አክስትየው «ሃያ ዓመት አብሬያት ሰፋሁ» አለች በመጨረሻ። «ሱቁን ለልጇ።»

ልጅቷ አለቀሰች፤ ነጻ መውጣቷ እጇን አላስረሳትም። ክኒኑን ያቀበለችው እሷው ናት።

«ይቺም መድኃኒቷን ዛሬ ካልጀመረች ትወድቃለች» አለ ባለመድኃኒቱ፣ አንድ ክኒን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ።

የሚነሳ ሰው ጠፋ። ልጅቷ ተነስታ ውሃ ቀድታ መጣች። አክስቷ ብርጭቆውን አየችና ወደኋላ ሸሸች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው» አለቻት።

ልጅቷ ተጎነጨችና አቀበለቻት።