የአሥራ ሁለት ቮልቱ መብራት

ሟቹ ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነበር። ከዓሣ ገንዳው ሥር በጎኑ ወድቆ፣ ቀኝ እጁ የመብራቱ ሽቦ ላይ ዐርፏል። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ለክፍሉ ብርሃን የሚሰጠው ከገንዳው በላይ የተንጠለጠለው ቀጭን መብራት ብቻ ነው።

መርማሪዋ ስትደርስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሚስቱ ሶፋው ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ለፖሊሶቹ ቃሏን ሰጥታ ጨርሳለች፤ ከምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት አሥር ሰዓት ላይ ገባች፣ ባሏ ሶኬቱን ሲሰካ ዐይኗ እያየ ተንዘፍዝፎ ወደቀ። መብራቱን አምጥቶ የገጠመው ታናሽ ወንድሙ ነው።

ታናሽየው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። በሩ ጋ አንድ ፖሊስ ክንዱን ይዞታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ስድስት ሰዓት ላይ ሰክቼ፣ መብራቱ መሥራቱን አረጋግጬ ነው የሄድኩት ይላል፤ ማን ይስማው! ወንድሙን በርካሽ ዕቃ የገደለ ተብሎ እስር ቤት ሊገባ ነው። ከእንግዲህ አምፖል እንኳን የሚያስቀይረው ሰው አይኖርም።

መርማሪዋ ግን ሬሳውን ትታ ገንዳው ላይ አፈጠጠች። ፖሊሱ ዓሣ ልትገዛ ነው እንዴ ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማችው፤ ዞር ብላም አላየችው። ውኃው ውስጥ ያሉት ተክሎች ቅጠላቸው በጥቃቅን የአየር አረፋ ተሸፍኗል።

መብራቱን የሸጠችውን ሴትዮ አስጠራች። ሴትዮዋ ሁሉንም ታስታውሳለች፤ ወንድማማቾቹ በውዱና በርካሹ መካከል ሲያመነቱ፣ ለትንሽ ገንዳና ብዙ ብርሃን ለማይፈልጉ ተክሎች ርካሹ ይበቃል ያለቻቸው ራሷ ናት። አንገቷን አስግጋ ገንዳውን አየች።

«ቅጠሉ ብርሃን ሲጠግብ ነው እንዲህ የሚያደርገው» አለች። «በዚህ መብራት ግን አረፋው ቶሎ አይመጣም። ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል።»

መርማሪዋ አንድ ስልክ ደወለች፤ ሬሳውን ሊመረምር የመጣውም ሐኪም እስኪጨርስ ጠበቀች። ከዚያ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«መሰኪያው ላይ ያለው መቀነሻ ለዚህ ሽቦ የሚያሳልፈው አሥራ ሁለት ቮልት ብቻ ነው፤ እንኳን ሰው ዓሣም አይገድል። እጁም ላይ የተቃጠለ ነገር የለም። አሥር ሰዓት ላይ ተሰክቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይሄን ሁሉ አረፋ ባላየሁ ነበር። መብራቱ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ በርቷል፤ ወንድሙ እውነቱን ነው። ሐኪሙን ስለ ሰዓቱ የጠየቅኩት ለዚህ ነው። ሰውየው ልቡ ቆሞ የሞተው ሰባት ሰዓት ገደማ ነው።» ወደ ሚስቱ ዞረች። «ስፌት ቤቱ ደወልኩ። እርስዎ ስድስት ተኩል ላይ ለምሳ ወጥተው አልተመለሱም።»

ሚስቱ አልካደችም።

«የልቤን ኪኒን አቀብዪኝ አለኝ። መሳቢያው ውስጥ ነበር። መነሳት ነበረብኝ፤ አልተነሳሁም። ሃያ ስምንት ዓመት አቀብዪኝ ሲለኝ ኖሯል፣ ደከመኝ። ከሞተ በኋላም ተቀመጥኩ። ምንም አልተሰማኝም። አሁንም አይሰማኝም።»

«እኔስ፣ እትዬ?» አለ ታናሽየው። «እጅሽ ላይ አይደል እንዴ ያደግሁት?»

ማን እንደሆነ ለማስታወስ የምትሞክር ያህል አየችው።

«አንተን አላሰብኩህም» አለችው። «ምን ገደለው ሲሉኝ ሽቦው ታየኝ።»

ፖሊሱ ክንዱን ለቀቀው። በሩ ክፍት ነበር፤ እሱ ግን መሄጃው ጠፍቶት እዚያው ቆሞ ቀረ።