ያልነበረው ድምፅ

ያገለገለ ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው ሳይሞክር አይገዛም። የሚሸጥም ሰው ገዢውን ብቻውን አይለቅም፤ ከሻጩ ወገን አንድ ሰው ከኋላ ይቀመጣል። ቁልፍ ተቀብሎ በዚያው የቀረ ስንት አለ! የእኛ ወገን ደግሞ አባቴና እኔ ብቻ ነበርን። አባቴ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ከኋላም ቢሆን መቀመጥ ስለማይሆንለት፣ ከማላውቀው ሰው ጀርባ መፈናጠጡ በእኔ ላይ ወደቀ።

ጋራዡ የአባቴ ነው። ሠፈሩ ሁሉ የሚያውቀው በጆሮው ነበር። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ኢንጂኑ ላይ ያሳርፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ይደግፋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ «ሁለተኛው ቫልቭ ነው» ይላል። ተከፍቶ ሲታይ ሁለተኛው ቫልቭ ነው። መፍቻ መጨበጥ ሲያቅተው መፍቻውን ለእኔ ሰጠኝና መስማቱን ለራሱ አስቀረ። እሱ ይሰማል፣ እኔ እፈታለሁ። እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት ሠራን። «እጄ ቢሄድ ጆሮዬ አለ» ይል ነበር። እየሳቀ ነው የሚለው፤ የቀረው ነገር ጆሮው ብቻ መሆኑን ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

የሚሸጠውም የገዛ ራሱን ሞተር ነበር። ላይነዳት ነገር ግቢ ውስጥ ቆማ ማየቱ ከበደው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ ቀጭን ሰው መጣ። ቤት ለቤት እየዞረ ሒሳብ የሚያስጠና አስተማሪ ነው።

«እህቴ፣ የምትሸጥ ሞተር አለች ብለውኝ ነበር።»

«አለች። መንዳት ትችላለህ?»

«በመጠኑ።»

«በመጠኑ ማለት?»

«መንጃ ፈቃድ አለኝ። የጎደለኝ ድፍረት ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። ከኋላው ተቀመጥኩና እጄን የት እንደማደርገው ግራ ገባኝ።

«ኧረ ያዢኝ! ብትወድቂ ለአባትሽ ምን እላለሁ?»

ትከሻውን በሁለት ጣት ያዝኩ። የመጀመሪያው ማዞሪያ ላይ ሁለት ጣት እንደማይበቃ ገባኝ። ሸሚዙ ሳሙናና ጠመኔ ይሸት ነበር።

ስንመለስ «ፍሬኗ ትንሽ ላላ ብሏል» አለ። እውነቱን ነው፣ ላልቶ ነበር። አጠበቅኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣና ሞክሯት ጎማዋን የሚያዞረው ካቴና እንደሚንቋቋ ነገረኝ። በሦስተኛው ደግሞ መስታወቱ አለቅጥ ይርገፈገፋል አለ። እኔ በሙያዬ ጉረኛ ነኝ፤ እንከን ተነግሮኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። የነገረኝን ሁሉ አስተካክዬ እጠብቀዋለሁ። በልቤ «ቅዳሜ» ብዬ ስም አውጥቼለት ነበር። ዓርብ ዓርብ ከጥፍሬ ሥር ግራሶ እየፈለፈልኩ ማውጣት ስጀምር ነው ነገሩ ለራሴ የታወቀኝ።

ሙከራውም እየረዘመ ሄደ። መጀመሪያ እስከ ማዞሪያው፣ ቀጥሎ እስከ ድልድዩ፣ ከዚያ ከተማው የሚያልቅበት የእንጨት መጋዘን ድረስ። እዚያ ስንደርስ ሞተሯን ያጠፋና ትንሽ እናወራለን።

«ተማሪዎችህ ይፈሩሃል?»

«እኔን? አንዱ ትናንት የቤት ሥራውን አሠራኝ እንጂ! አንቺን ግን ደንበኛው ሁሉ ይፈራሻል አሉ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ለቅዳሜ ከሰኞ ጀምሬ ነው የምፈራው።»

ይህን ብሎ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ቁልፉን አዞረና ተመለስን።

በአራተኛው ቅዳሜ ሞክረናት ስንመለስ እንከን አለቀ። ጎማዋን ረገጠ፣ መብራቷን አበራ፣ አጠፋ። ምንም የለም። አባቴ በራፉ ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

«እህስ ልጄ፣ ተስማማችህ?»

ቅዳሜ እኔን አየ፤ መሬቱን አየ።

«ጋሼ፣ ከውስጥ አንድ ድምፅ አለ መሰለኝ። ፍጥነት ስጨምር ኳ፣ ኳ የሚል።»

ድምፅ አይታይ፣ አይጨበጥ፤ ለዚህ ነው የመረጠው። የአባቴን ጆሮ ነገር አያውቅም፤ እኔም ነግሬው አላውቅም።

አባቴ ካቻቢቴውን አስመጣኝ። ሞተሯን አስነሳሁለት። ካቻቢቴው ከእጁ ሲንሸራተት እኔ ያዝኩለትና ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አዳመጠ። ቀና ሲል ግንባሩ ላይ ላብ ነበር።

«እኔ ምንም አልሰማሁም። አንቺስ ልጄ? ከኋላው ነበርሽ። ሰምተሻል?»

አልሰማሁም ብል ሽያጩ ያልቃል። ሞተሯ ትሄዳለች፤ ከእንግዲህ የሚመጣው ቅዳሜ ሁሉ ባዶ ይሆናል። ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነው። ስለ አባቴ አላሰብኩም።

«አዎ አባዬ። ትንሽ የሚመታ ነገር የሰማሁ መሰለኝ።»

ቅዳሜ ቀና ብሎ አየኝ። ፍሬኑ፣ ካቴናው፣ መስታወቱ ሁሉ ሰበብ እንደነበረ ያኔ ገባኝ፤ እኔም እንዲመለስ እንደምፈልግ እሱ ገባው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ይህንን አልክድም።

አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያዳምጥ ሰነበተ። ሰኞ አስፈታኝ፣ ማክሰኞ አስገጠመኝ፣ ረቡዕ ፒስተኑን አስወጥቶ በመስኮቱ ብርሃን እያገላበጠ አየው። ምሳ ላይ ጉርሻውን ሳይውጥ ቆም ይልና በአፉ «ኳ፣ ኳ» ይላል። እኔ ያዘዘኝን እየፈታሁ መግጠሜን ቀጠልኩ። ሦስት ቀን ነው የቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት ድምፁ ጠፍቷል እንላለን ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ሐሙስ ዕለት አንድ የቆየ ደንበኛ መኪናውን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይስሙልኝ።»

አባቴ ከወንበሩ አልተነሳም።

«ወደ ሌላ ጋራዥ ውሰዳት። እኔ መስማት ትቻለሁ» አለው። ደንበኛው የቀለደ መስሎት ሳቀ። አባቴ ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ከተተና ቤት ገብቶ ተኛ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ነበር።

ቅዳሜ ዕለት አስተማሪውን ከበር ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አሁኑኑ ልንገራቸው» አለ።

ተከታትለን ገባን። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ጋሼ፣ ድምፅ አልነበረም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ልጅዎን የማይበት ሰበብ ቢያልቅብኝ ነው።»

«እኔም ዋሽቼ ነው አባዬ። ምንም አልሰማሁም። እንዲመለስ ስለፈለግሁ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር በአባት ፊት ማውጣት ቀላል አይደለም። ይቆጣል፣ ይሰድበናል፣ ከዚያ ካቻቢቴውን አምጪ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ግን አንዴ እኔን፣ አንዴ አስተማሪውን እያየ፣ ታማሚ ጠያቂዎቹን እንደሚያይ ፈገግ አለ።

«ደግ ልጆች ናችሁ። ተማክራችሁ ነው አይደል?»

«ኧረ በእግዜር አባዬ!»

«ተይ እንጂ ልጄ። እኔን ላለማሳዘን ብላችሁ በራሳችሁ ላይ ነውር አታውሩ። እጄ ሲከዳኝ ጆሮዬ ብቻ ሊቀርልኝ ነው እንዴ? እሱ እንግዳ ነው፣ ይሳሳታል እንበል። አንቺ ግን ሰምቻለሁ አልሽ። ልጄ አትዋሸኝም።»

ማልኩለት። አለቀስኩ። ለቅሶዬንም ለእሱ ያዘንኩ መስሎት እየተንቀጠቀጠ ባለው እጁ ራሴን ዳሰሰኝ።

የዚያኑ ዕለት ሞተሯን ሸጠለት። ድምፅ ላላት ሞተር ሙሉ ዋጋ አልቀበልም ብሎ ከዋጋው ላይ በግድ ቀነሰ። አስተማሪው ሙሉውን ውሰዱልኝ እያለ ቢለምን፣ ቢለምን፣ አባቴ ወይ ፍንክች።

በሩ ላይ ሸኘሁት። ሞተሯን ይዞ ቆመ፤ መነሳት አቃተው።

«ጊዜ ስጪኝ። እየመጣሁ አሳምናቸዋለሁ።»

«አንተ በመጣህ ቁጥር እሱ የሚያስታውሰው ያንን ቀን ነው። እኔም አንተን ሳይ የማየው ያንኑ ነው።»

«እኛስ?»

«እኛማ አባቴን በቁሙ ቀብረን ነው የተገናኘን። ቤት ገብተህ አይተኸዋል።»

«እወድሻለሁ እኮ።»

«እኔም እወድሃለሁ። አትምጣ።»

ሞተሯ ላይ ወጣ። ከዚያ አስነሳት። ኢንጂኗ ውስጥ አንዲት ጉድለት አልነበረም፤ እኔ ራሴ ነኝ ፈትቼ የገጠምኳት። አባቴ ከቤት ወጥቶ፣ ማዞሪያውን እስክታልፍ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጣት። ከዚያ ራሱን ነቅንቆ ገባ።

ሁለት ቅዳሜ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየሁት። ሁለቱንም ጊዜ በሩን ዘጋሁ። በሦስተኛው አልመጣም። ቀኑን ሙሉ በሩን ከፍቼ ዋልኩ።

ጋራዡ ዛሬም አለ፤ የጎማና የዘይት ሥራ ብቻ እንሠራለን። መስማት የሚያስፈልገው መኪና ሲመጣ ወደ ሌላ ቦታ እንልካለን። አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ካልጠየቁት አይናገርም። በዚህ መሀል፣ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ አንድ ቀን እጄን ስታጠብ ሳይታሰብ ጠራኝ።

«ያ አስተማሪ ምነው ጠፋ?»

«የቱ?»

«የቱ ትለኛለች! ሞተሬን የገዛው ነዋ። እኔማ ካንቺ ጋር ይሆናል ብዬ ነበር። እኔ ያልሰማሁትን የሰማ ልጅ ነው። ጆሮ ያለው ሰው እንደልብ አይገኝም። መጥቶ ቢጠይቀኝ፣ አንቺንም ጋራዡንም ሰጥቼ በሰላም ባረፍኩ።»

ሳሙናው ከእጄ ወደቀ። ለአንተ ብዬ ነው ያባረርኩት ልለው አፌን ከፈትኩ። ብነግረው ግን ያንንም እሱን ለማጽናናት የፈጠርኩት ይመስለዋል።

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አልኩት።

ይህንን አመነኝ።