ትክክለኛው መልስ ላይ ስትደርስ

«ጠይቂኝ! አሁኑኑ ጠይቂኝ! ከፈለግሽ ከመሃል ጀምሪ!»

የሚጡ ወንድም ጫማውን እንኳ አላወለቀም። የማሠልጠኛው መታወቂያ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ የጥያቄ መጽሐፉን ከመደርደሪያው መንጭቆ ጭኗ ላይ ጣለላት። ለአየር መንገድ አብራሪነት ከሚፈተኑት ትምህርቶች ሌላውን ሁሉ አልፎ በአንዱ ወድቋል፤ በሜትሮሎጂ። ስለ ደመና፣ ስለ ነፋስና ስለ ጭጋግ በሚያጠናው።

አባታቸው የስፌት መኪናውን አቁሞ በመነጽሩ አናት በኩል ተመለከተው። «ፈተናው ነው የጠበበው ወይስ አንተ ነህ የሰፋኸው?» አለ። ቀልዱ እንዳልያዘለት ሲያይ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ መጠቅለል ጀመረ።

«አባዬ፣ አንተ ሙት፣ ሜትሮሎጂ እኮ እንደ ውሃ የምጠጣው ነው! ከሚጡ ጋር ስንሠራ ስቼ አላውቅም። መስክሪ እንጂ አንቺ!»

ሚጡ የሚላት እሱ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት «የፓይለቱ እህት» ናት፤ ስሙን ያወጣችው ራሷ ብትሆንም ማንም አልተቃወማትም። አንዷ ደፍራ «ገና ተማሪ ነው እኮ» ብትላት፣ «አንቺስ ገና ሰው ልትሆኚ አይደል?» ብላ አፏን አስይዛታለች።

«እውነቱን ነው፣ አባዬ» ብላ መሰከረች። መጽሐፉንም ገለጠች። «የአየሩ ሙቀትና የጤዛ ነጥቡ ሲቀራረቡ ምን ይጠበቃል? ሀ፣ ኃይለኛ ነፋስ። ለ፣ ጭጋግ። ሐ፣ ነጎድጓድ።»

«ለ!»

ሌላ ጠየቀችው፤ መለሰ። ሌላም፤ መለሰ። አባትየው ራሱን ነቀነቀ። «ታዲያ ምን ነካህ፣ ልጄ?»

«ፍርሃት ነው። ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ላብ አጠመቀኝ። አንድ ዕድል ይሰጡኛል፤ በሱም ከወደቅኩ መታወቂያዬን መልሼ መሰናበት ነው። እስከዚያ መጽሐፍ አልነካም። እሮጣለሁ፣ እተኛለሁ፣ በቃ እረጋጋለሁ።» ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ጓደኞቼ ሰኞ የበረራ መለማመጃው ሲሙሌተር ይገባሉ።»

በማግስቱ ሂሳብ አብራት ልትሠራ የክፍሏ ልጅ መጣች። ሬዲዮ ይሏታል፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። ወንድሟ በረንዳው ላይ ፑሽአፕ እየሠራ ነበር። የሬዲዮን ዓይን ከሂሳቡ ይልቅ የጥያቄው መጽሐፍ ሳበው።

«ካፒቴን፣ እኔም ልጠይቅህ?»

«ጠይቂ፣ አቦ! ምን ገዶኝ!»

ሬዲዮ አንባቢ አይደለችም። ስም እንደምትጠራ የክፍል አለቃ፣ ሁሉንም ባንድ ልክና ባንድ ትንፋሽ ታወርደዋለች። «ከፍተኛ የአየር ግፊት ካለበት ወደ ዝቅተኛ ስትበር ከፍታ መለኪያህን ካላስተካከልክ መሣሪያው ከሚያሳይህ አንጻር የት ትሆናለህ ሀ ከፍ ብለህ ለ እኩል ሐ ዝቅ ብለህ።»

ወንድሟ ሬዲዮን አላያትም። ሚጡን ነበር የሚያየው። አፏን። ሚጡ ብርቱካን ጎርሳ ስለነበር ጉንጯ ተወጥሯል።

«ሀ» አለ ጥቂት ቆይቶ። «ከፍ ብዬ።»

«ተራራ ገጨህ!» ሬዲዮ በሳቅ ፈረሰች። «ዝቅ ብለህ ነው የሚለው! ኧረ ካፒቴን፣ ተሳፋሪውን ፈጀኸው!»

ሁለተኛውንም ሳተ። ሦስተኛውን ገመተ፤ ሳተ። «አነባበብሽ ነው!» አለ ፊቱን በፎጣ እየጠረገ። «ጥያቄ ነው ወይስ ዜና? ሚጡ ስታነብልኝ እኮ ወዲያው ነው የሚገባኝ።»

ብርቱካኑ ሚጡ አፍ ውስጥ መረረ።

መጀመሪያ ሰሞን ሜትሮሎጂ ላይ ሲደርሱ እየሳተ ፊቱ ይጠቁር ነበር። መጽሐፉን ዘግቶ «ይሄ ነገር ለኔ አልተፈጠረም» ይላል። እሷ ደግሞ ያንን ፊት ማየት አትችልም። እናም አንድ ቀን ትክክለኛው መልስ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ትንሽ ጎተት አደረገችው። ያዘው። ፊቱ ወገግ አለ። ምን ክፋት አለው አለች በሆዷ፤ ነገ ራሱ ይለምደዋል። ለመደውም፤ ግን ደመናውን ሳይሆን እሷን። አቅጣጫ መፈለጊያውን በሚያስተምረው ናቪጌሽንና በበረራ ሕጉ ጎበዝ ስለነበረ እጇን አላስገባችም፤ እነሱን አለፈ። የወደቀው እሷ በረዳችው ነው።

አሁን ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እሱ በየጠዋቱ ይሮጣል፣ ጥሩ ይተኛል፣ ተረጋግቶ ይሄድና ተረጋግቶ ይወድቃል።

ሬዲዮን እስከ ውጭ በር ሸኘቻት። «ምን ሆንሽ? ዝናብ ያዘለ ደመና መሰልሽ» አለች ሬዲዮ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድምሽ ግን ይሄን ነገር አይችለውም፣ አይደል?» ብላ ጠየቀች።

ሚጡ ወደ በረንዳው ዞር ብላ አየች።

«አይችለውም» አለች።

«ለማንም አልናገርም።»

«አንቺ?»

«ሬዲዮም እኮ ባትሪው ያልቃል» አለችና ሬዲዮ ሄደች።

ስትመለስ ወንድሟ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የመሮጫ ጫማውን ማሰሪያ ይቋጥራል።

«አትሩጥ» አለችው።

«ለምን? እንዳልከሳብሽ?»

«ሜትሮሎጂ አትችልም። የወደቅከው ፈርተህ አይደለም። መልሱን እኔ ነበርኩ የምነግርህ። በድምፄ። ትክክለኛው ላይ ስደርስ ጎተት አደርገዋለሁ።»

ሳቀ። «ኧረ ባክሽ፣ ሙድ አትያዢብኝ!» እሷ ግን አልሳቀችም። የሱም ሳቅ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። የጫማውን ማሰሪያ ለቀቀው።

«ፈተናው ላይ...» አለ፣ «ጥያቄውን በአንቺ ድምፅ ለማንበብ ሞክሬ ነበር። ሞክሬ ሞክሬ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነብኝ።»

ሚጡ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ለምን እንደዚህ አደረግሽ?»

«መልስ ስታገኝ ፊትህ ይበራል። ደስ ይለኛል።»

ቢቆጣ በተሻላት። ቢጮህባት፣ «ሁለተኛ መጽሐፌን እንዳትነኪ» ቢላት። እሱ ግን ያየው ጫማውን ነው። «ያኔ ብትተዪኝ ኖሮ» አለ፣ «ያኔ እዚሁ ፊትሽ ብወድቅ ኖሮ፣ አጥንቼው ሰኞ ከነሱ ጋር እገባ ነበር።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አነሰባት። ውስጥ የስፌት መኪናው ጸጥ ብሏል። አባታቸው መርፌ እየቀየረ ይሁን እየሰማቸው አይታወቅም።

ገብታ መጽሐፉን አመጣች። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ገለጠችው።

«ምርጫዎቹን አላነብልህም» አለች። «ጥያቄውን ብቻ። መልሱን ከነምክንያቱ አንተ ትነግረኛለህ።»

ወንድሟ ጫማውን አወለቀ።

አነበበች። ስለ ቀዝቃዛ አየርና ስለ ዝናብ የሚጠይቅ ነበር። ወንድሟ በልማዱ ቀና ብሎ አፏን አየ። እሷ ዓይኗን ከገጹ ላይ አላነሳችም። ከመንገዱ ማዶ አንድ መኪና ሞተሩን አስነስቶ፣ አሙቆ፣ ሄደ። መልሱ እዚያው አውራ ጣቷ ሥር ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች።

«አላውቀውም» አለ።

«እሺ» አለችና የገጹን ጫፍ አጥፋ ወደሚቀጥለው አለፈች።

«አላውቀውም።»

«እሺ።»

ፀሐይዋ ከበረንዳው ስትወርድ የመጽሐፉ ጠርዝ በታጠፉ ገጾች አብጦ ነበር። ወንድሟ መጽሐፉን ከእጇ ተቀብሎ በጣቱ ዳሰሰው፤ ከመጀመሪያዋ እጥፋት ገለጠና፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ ለብቻው ማንበብ ጀመረ።