ከሰኢድ የመጣው ሃያ አራተኛ ደብዳቤ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ «ተዉኝ እባካችሁ» ብዬ ብድግ የምል ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው፣ አንድ ነገር አልሠራ ካለ ወይ ገመዱ ተነቅሏል ወይ መብራት የለም፣ አለቀ። አሁንም የምነግርህ እንድታምነኝ አይደለም፣ ደክሞኛል፣ ለአንድ ሰው ተናግሬው ይውጣልኝ ብዬ ነው።

ኢሜይል በስልክ መስመር የሚመጣበት ጊዜ ነው። ከሰፈሬ ከሆጤ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ታጭቄ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ እዚያ ኮምፒውተር የምጠግንለት አንድ ትንሽ የእርዳታ ቢሮ ነበር፣ ፀሐፊዋ እትዬ ዘይነባ ይባላሉ። አንድ ልጃቸው ሰኢድ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ የመን ገብቶ፣ በቢሮው ኢሜይል ይጽፍላቸው ነበር፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፈ፣ «እማ፣ አይዞሽ» እያለ። እሳቸውም ሥራ ሲቀዘቅዝ እነዚያኑ ደብዳቤዎች ደጋግመው ያነባሉ።

አንድ አርብ ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ግርማ ጠርተውኝ በሩን ዘጉ። ጠዋት ኢሜይል የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። «የሰኢድ ጓደኛ ጽፏል፣ ልጁ ወደ ሳውዲ ሲሻገር በረሃ ላይ ሞቷል» አሉኝ። እናትየዋ አልሰሙም። መርዶ ደግሞ መቼም ከኮምፒውተር አይነበብም፣ ወንድማቸው ማታ ከባቲ ሲገቡ በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌዎች ሊያረዷቸው ተቆርጧል። «ዛሬ የድሮዎቹን ደብዳቤዎች ወደ አዲሱ የኢሜይል ፕሮግራም ስታዛውር፣ ያቺን አንዷን አጥፋት» አሉኝ።

እትዬ ዘይነባ ያን ቀን ጠዋት ምድጃ ጣታቸውን አቃጥሏቸው በጨርቅ ጠቅልለው ነው የመጡት። «አንተ ልጅ፣ የሰኢድን አንዷን ብታጠፋብኝ፣ ወላሂ አልለቅህም!» ብለውኝ ለምሳ ወጡ። «እሺ» አልኩ፣ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

የጓደኛውን ደብዳቤ አጠፋሁ። የሰኢድን ቆጠርኩ፣ ሃያ ሦስት። አዲስ ነገር እየገባ ቆጠራዬን እንዳያዛባብኝ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት፣ እመነኝ፣ በዚህ እጄ ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ማዛወሩ አላልቅ አለ፣ የኮምቦልቻ ሙቀት፣ ዝንቡ፣ እንቅልፌ መጣ። ድንገት ሞደሙ ጮኸ፣ ያ መስመር ሲይዝ የሚያሰማው ጩኸት፣ ታውቀው የለ? ገመዱን አየሁት፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጩኸቱ ቆመ። ደክሞኝ ነው ብዬ ዓይኔን አሸት አሸት አድርጌ አዲሱን ፕሮግራም ከፈትኩ፣ ቆጠርኩ፣ ሃያ አራት።

የጓደኛው ተመልሶ መጣ ብዬ ክው አልኩ። ከፈትኩት። ከሰኢድ ነው። ቀኑ የዚያው የዕለቱ። አንድ መስመር ብቻ፦ «እማ፣ ጣትሽ ተሻለሽ?»

ላጠፋው እጄን ስሰድ እትዬ ዘይነባ ከኋላዬ ቆመዋል፣ መቼ እንደገቡ አልሰማሁም። «አልሃምዱሊላህ! ዛሬ ነው የጻፈው!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ቢያረዷቸው «ልጄ ትናንት ጽፎልኛል፣ ምን ታሟርቱብኛላችሁ!» ብለው አላለቅስም አሉ። እኔን አስጠሩኝ። ወንድማቸው በር ላይ ክንዴን ይዘው «የማሽን ስሕተት ነው በላት፣ እርሟን ታውጣ» አሉኝ። ገባሁ። «እትዬ፣ የድሮ ደብዳቤ ነው፣ ስናዛውረው ቀኑ ተሳስቶ ነው» አልኩ።

እትዬ ዘይነባ ቀና አሉ። «በማርያም በል» አሉ፣ ሃይማኖቴን ያውቃሉ። «በማርያም» አልኩ። የዚያን ጊዜ የጮኹት ጩኸት ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

ይኸውልህ፣ ልጁ ሞቶ ከሆነ ያን የጻፈው ማን ነው? ካልሞተስ በሐሰት ምዬ የቀበርኩት እኔ አይደለሁም? ጋሽ ግርማን ብጠይቃቸው «ተወው፣ አትነካካው» አሉኝ።

እትዬ ዘይነባ ከሐዘን ተነስተው ሥራ ገቡ፣ ያን ነገር በሰው ፊት አንስተው አያውቁም። ለጥገና በሄድኩ ቁጥር ግን ወንበራቸውን ይለቁልኝና፣ ጠጋ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ «እስቲ የመጣ ካለ እይልኝ» ይሉኛል። እቀመጥና አያለሁ።