ያልተስተካከለው እጅ

«ቲቸር፣ እሱን አይንኩት!»

የኮምፒውተር መምህሩ ማውሱን እንደያዘ ዞር አለ። ስክሪኑን የአንዲት ሴት ቀኝ እጅ ሞልቶታል። ሦስቱ ጣቶች ነፋስ እንደሚያወዛውዘው መጋረጃ ይጥመለመላሉ፤ ሁለቱን ግን መምህሩ አሁን ቀጥ አድርጓቸዋል።

«ምን ሆንሽ ሚጡ? እያሳመርኩልሽ እኮ ነው።»

ሚጡ የቤት ስሟ ነው። እናቷ በር ላይ ቆማ ስትጠራት የሰሙ ልጆች ትምህርት ቤት ድረስ ይዘውት መጡ፤ መምህሩም ከእነሱ ወሰደው።

«እንዲያምር አልፈልግም።»

ከኋላዋ የተቀመጠው፣ ቀጮ የሚሉት ልጅ አንገቱን አሰገገ። «ይሄ እጅ ነው ወይስ ኔትወርክ የጠፋበት ቲቪ?» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ወዲያው ግን የማን እጅ እንደሆነ ገባው። «በናትሽ ይቅር...» ብሎ ጀመረና ቃሉን ዋጠው።

መምህሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። አርብ ዳኞች ይመጣሉ። የተመረጠው ሥራ የከተማው ጋለሪ ውስጥ ይሰቀላል። ሐሳብሽ ግሩም ነው፤ ግን ስካን ሲደረግ እጁ ተንቀሳቅሷል። የማሽን ስህተት ነው ብለው ነው የሚያልፉት።»

«የዘመኑ ጥበብ የግድ ቆንጆ መሆን የለበትም ያሉን እርስዎ አይደሉም?»

«ብያለሁ። ዳኞቹ ግን ያን ቀን ክፍል ውስጥ አልነበሩም።»

እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች። እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት፤ ሚጡ ታስገባላት ጀመር። ቀጥሎ መቀሱ መስመር ይስት ጀመር። ደንበኛ ሲመጣ እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትከታለች፤ ልኬት የምትወስደው ሚጡ ሆነች። ባለፈው ዓመት ሚጡ ከትምህርት ቤት ስካነር ተውሳ ያመጣች ቀን፣ የማሽኑ መስተዋት ላይ ቁልፍና የክር ጥቅል እየደረደረች ስታነሳ እናቷ ቆማ ታያት ነበር። መብራቱ ከመስተዋቱ ሥር ቀስ እያለ ሲጓዝ አይታ እጇን ከኪሷ አወጣች።

«በይ ይሄንንም አንሺው።»

«እማ፣ እንዳትነቃነቂ።»

«እኔ ምን አጠፋሁ? እሱ ነው የሚንፏቀቀው። ፈጠን በል በይው!»

ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። ስካነሩ በአንድ ጊዜ የሚያነሳው አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ እጁ በተንቀጠቀጠ ቁጥር መስመሩ ይዘላል። እናም ፎቶ ሊይዘው የማይችለውን ነገር ያዘ፤ መንቀጥቀጡን ራሱን። ከዚያ በኋላ እናቷ አምስት ወር ነው የቆየችው።

«ይሄን ነው የምትሰቅዪው?» አለች አክስቷ፣ መምህሩ ጣቶቹን ባቃናበት ቀን ከሰዓት ልብስ እያጣጠፈች። «እህቴ ስንት ጊዜ የደበቀችውን እጅ? ሰው ሁሉ እንዲያየው?»

«የደበቀችው ከደንበኛ ነው፤ ሥራ እንዳይቀርባት። ከእኔ ደብቃው አታውቅም።»

«እና መምህርሽ ያስተካክለው። ጤነኛ ሆና ብትታይ ምን ክፋት አለው?»

አክስቷ እንባዋ ፈስሷል። ከሚያለቅስ ሰው ጋር መከራከር ደግሞ ሚጡ አይሆንላትም። ክፍሏ ገብታ መምህሩ የላከላትን የተስተካከለ ምስል በስልኳ ከፈተች። አምስት ጣት፣ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ። የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ያለችዋ ሴት እጅ ቢሉት ማንም ያምናል። ትኩሳት ሲይዛት ግንባሯ ላይ ያርፍ የነበረው እጅ ግን ይሄ አይደለም። ያ እጅ እንደ ወፍ ልብ ትር ትር ይል ነበር።

አርብ ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆመች። «አክስቴ፣ ያልተነካውን ነው የምሰቅለው። ማየት ከከበደሽ አትምጪ፤ አልቀየምሽም።»

መምህሩ ሁለቱንም አትሞ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። «ምርጫው ያንቺ ነው። ያልተስተካከለውን ከሰቀልሽ ግን ጋለሪውን እርሺው።»

«እሺ ቲቸር፣ እረሳዋለሁ።»

«አይ ግትርነት!» አለና የተስተካከለውን እንደያዘ ስፒሎቹን አቀበላት።

ሚጡ አራቱንም ጥግ አጥብቃ ሰካች። ከየሥራው ሥር ርዕስ የተጻፈበት ካርድ ተለጥፏል። ካርድ ስትጠይቅ መምህሩ አልቋል አላት። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የዳኞቹ ድምፅ መሰማት ጀምሯል። ከመምህሩ እጅ የተስተካከለውን ምስል በትሕትና ተቀበለችና ገለበጠችው። ከነጩ ጀርባ አንድ ቁራጭ ቀደደች። መምህሩ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

ቁራጩን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጻፈች፦

የእናቴ ቀኝ እጅ። እንዲህ ነበር።