ትንሿ ትቀድማለች

«አልሄድም አልኩሽ እኮ እማ።»

ኔቬና ይህን ያለችው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ሰው እንዳይሰማት ጥርሷን ነክሳ ነው። እናቷ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦና ብርቱካን ታቅፋለች።

«ጾም ሊገባ ነው፤ የክርስትና እናትሽን ይቅርታ ሳትጠይቂ ልትቀሪ?»

«እሳቸውንማ እጠይቃለሁ። ልጃቸው ናት ያስጠላችኝ።»

«ዝላቲናንም ትጠይቂያለሽ። በአራት ወር ትበልጥሻለች፤ ትንሿ ናት የምትቀድመው።»

«እኔ እሷን? ከፈለግሽ እግሯንም ልጠብላት።»

እናቷ ክንዷን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት። በሒሳብ ፈተና ከኔቬና የኮረጀችው ዝላቲና ነበረች። መምህሩ አንድ ዓይነት ወረቀት ሁለት ሆኖ ሲያገኙት ግን ዝላቲና አለቀሰች፤ «እሷ ናት ከእኔ የኮረጀችው» አለች። እንባዋ ታመነላት። ለኔቬና የመጨረሻው ዝቅተኛ ውጤት ተሰጣት፤ ከተማ ያለው የቋንቋ ትምህርት ቤት የመግባት ተስፋዋም አብሮ ሄደ።

በቅዳሴው መሐል የጳውሎስን መልእክት ለሕዝቡ የማንበብ ተራዋ ሲደርስ ንዴቷ ገና አልበረደም። መጽሐፉ ላይ የት እንደምትተነፍስ፣ የት ድምጿን ከፍ እንደምታደርግ በእርሳስ ምልክት አድርጋለች። ሁልጊዜ ዜማውን እንጂ ቃሉን ልብ ብላው አታውቅም። ዛሬ ግን የመተንፈሻውን ምልክት ዘለለችውና መሐል ላይ ትንፋሽ አጠራት። ዓረፍተ ነገሩን እንደገና መጀመር ነበረባት።

ጥያቄ ነበር። በሰው አገልጋይ ላይ የምትፈርደው አንተ ማን ነህ ይላል ሐዋርያው። ሁለተኛ ጊዜ ስታነበው በገዛ ድምጿ ራሷን የምትጠይቅ መሰላት።

ፊቷ ጋለ። ይህን ለዛሬ ማን መረጠው? መልሱን ግን ታውቀዋለች፤ በዚህ እሑድ በየዓመቱ የሚነበበው ይኸው ነው። አምናም ያነበበችው እሷ ናት። ከአምናው የምታስታውሰው ሰዎች ድምጿን ማድነቃቸውን ብቻ ነበር።

ሐዋርያውን «የተበደልኩት እኔ ነኝ» ልትለው ፈለገች። በሐሳቧ የመጣባት ግን የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ነው፤ የከበቧት ልጆችና የገዛ አፏ፤ «አባቷ ጀርመን ሥራ ላይ ነው ትላለች አይደል? ሌላ ሚስት አግብቶ ነው የቀረው።» ዝላቲና ይህን የነገረቻት ለማንም እንዳትናገር አስምላት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የክፍሉ ልጆች «ጀርመን ደህና ነው?» እያሉ ይስቁባታል።

ከቅዳሴ በኋላ እናቷ እየጎተተች ወደ ክርስትና እናቷ ቤት ወሰደቻት። ኔቬና የክርስትና እናቷን እጅ ሳመች።

«እማማ ራድካ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፣ የኔ ልጅ።»

የቤቱ ሕፃናት በጾም መግቢያው ልማድ ከጣሪያው በክር የተንጠለጠለውን ሃልዋ የሚሉትን ጣፋጭ ያለ እጅ፣ በአፋቸው ለመያዝ ይንጫጫሉ። ዝላቲና ወጥ ቤቱ በር ላይ ተደግፋ የሱፍ ፍሬ ትፈለፍላለች።

«አንባቢያችን መጣች። ዛሬ ጠፋብሽ አይደል? ሰው ሁሉ ሳቀ።»

«ማንም አልሳቀም።»

«እኔ ስቄያለሁ።»

ኔቬና ዳቦውን ፊቷ ላይ ብትወረውርባት በወደደች። እናቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ነገሩ ቀላል ነበር፤ አንድ ቃል ጣል አድርጎ፣ ጉንጭ ስሞ መገላገል ነው። እንደ አምናው ንባብ፣ ልብ ሳይሉት።

«ነይ ውጪ» አለቻት ኔቬና ዝላቲናን።

ግቢው ውስጥ ቅዝቃዜው ጆሮ ይቆርጣል።

«የአባትሽን ነገር ያወራሁት እኔ ነኝ።»

የዝላቲና እጅ ሱፉ ላይ ቆመ። «አውቃለሁ። ከአንቺ ሌላ ማን ያውቅ ነበር?»

የፈተናው ጉዳይ ኔቬና ምላስ ላይ ደርሷል፤ ስንት ቀን ስትስለው የከረመችው ቃል ነው። ዝላቲናም ይህንኑ ጠብቃ ትከሻዋን ሰብስባለች።

«ይቅር በዪኝ» አለች ኔቬና።

የፈተናውን ነገር አልጨመረችበትም። ንዴቱ አልለቀቃትም። እጆቿን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተችና መልሱን እዚያው ቆማ ጠበቀች።