ሳይከፈት የተፈረመለት ቧንቧ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው በሌላ ሰው ለማላከክ አይደለም። ፊርማው የእኔ ነው።

ሣህሉ እባላለሁ፤ ባሕር ዳር ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ከጣና ዳርቻ ጥቂት ገባ ብሎ ባለ አንድ ሕንፃ ላይ አርባ ቤተሰብ እንኖራለን። ሕንፃውን የሠራው ድርጅት ሦስት ዓመት ሲያስተዳድረው ቆይቶ፣ ባለፈው ኅዳር ለእኛ ለቤት ባለቤቶቹ ሊያስረክብ ቀን ቆረጠ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር እኔ ነበርሁ። የተመረጥሁት አዋቂ ሆኜ ሳይሆን ሌላ እጁን የሚያወጣ ስለጠፋ ነው።

በርክክቡ ዕለት ድርጅቱ ድንኳን ጥሎ፣ በሬ አርዶ ጠበቀን። ከአርባው ቤት የመጣነው አሥራ ስድስት ብቻ ነን። የድርጅቱ ወኪል አቶ ቢያዝን ሰነዱን ዘረጋልኝ። «የእሳት ማጥፊያ መስመር፦ የተሟላ» ይላል። በየፎቁ ቀይ ቧንቧ ተገጥሟል፤ ማን ይጠራጠር?

የተጠራጠሩት ጎረቤታችን መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ብቻ ነበሩ።

«ልጄ ሣህሉ፣ እስቲ አንዱን ክፈተውና ውኃ ሲወርድ እንይ።»

«መሪጌታ፣ ደግሶ የጠራንን ሰው እንዲህ ማለት ነውር አይሆንብንም?» አልኋቸው።

«ነውሩስ ያላዩትን አየሁ ማለት ነው። ፊርማ እኮ ምስክርነት ነው፤ በሐሰት አትመስክር ተብሏል።»

«አባታችን፣ መሐንዲስ ፈትሾታል» አለ ቢያዝን። «ይልቅ ጥብሱ እየቀዘቀዘ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ፈረምሁ።

መጋቢት ላይ፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የጽጌ ቤት በጋዝ ምድጃ ምክንያት ተቀጣጠለ። ጽጌ ገበያ ሄዳለች፤ ቤት ውስጥ ያሉት መራመድ የማይችሉት እናቷ እማማ እናትዓለም ናቸው። ጩኸት ሰምቼ ወጣሁና ቀዩን ቧንቧ ከፈትሁት። ጣና ከመስኮቱ ማዶ ተንጣሎ ይታየኛል፤ ከቧንቧው ግን ጠብታ አልወጣም። ሌላውን ፎቅ ሞከርን፤ እሱም ደረቅ ነው።

በባልዲና በጀሪካን ስንራወጥ፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ሰብለ ወንጌል የጋለውን የብረት በር በሁለት እጇ ገፍታ ገባች። እማማን አዝላ አወጣቻቸው። እሳቸው ተረፉ፤ የእሷ እጆች ግን ተቃጠሉ።

በማግሥቱ ግድግዳውን አፍርሰን አየን። ቧንቧው አንድ ስንዝር ገብቶ ያበቃል። ከምንም ጋር አልተያያዘም! ሰው ልጆቹን ይዞ በሚያድርበት ግድግዳ ላይ ውሸት ሰቅለው፣ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄደዋል። ሰኞ ጠዋት በንዴት ቢያዝን ቢሮ ገባሁ።

«ተረክባችኋል እኮ» አለኝ፣ ሰነዱን እያሳየ። «የተሟላ ነው ብለው የፈረሙት እርስዎ አይደሉም?»

የሚያንገበግበው፣ ይህን ማለቱ ውሸት አለመሆኑ ነው።

ሆስፒታል ሄጄ ሰብለ ወንጌልን ይቅርታ ጠየቅኋት። እጆቿ በፋሻ ተጠቅልለዋል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ መርፌ አያስይዘኝም» አለችኝ። «ይልቅ ሌላ ያላያችሁት ምን እንዳለ ሄዳችሁ እዩ።»

በሚቀጥለው እሑድ አርባውንም በር አንኳኳሁ። ግሩም የሚባል ጎረቤቴ በሩን ገርበብ አድርጎ «ኮሚቴ የለም እንዴ?» አለኝ።

«ኮሚቴው እኔ ነኝ፤ አላየሁም። አንተም አላየህም። ጫማህን አድርግና ውጣ!»

አፍሮ ወጣ። ያን ቀን ሕንፃውን ከጣሪያ እስከ ፍሳሽ ጉድጓድ ፈተሽነው፤ የማይዘጋ የጉድጓድ ክዳን፣ የላላ የደረጃ መደገፊያ አገኘን። ድርጅቱን ከሰስነው፤ ፍርድ ቤት ቀርቤም ሳላይ እንደፈረምሁ በራሴ ላይ መሰከርሁ። መሪጌታም የተናገሩትን ቃል በቃል ደገሙ። ዳኛው ድርጅቱ መስመሩን እንዲሠራ አዘዙ፤ ተሠራም።

ቤት የምትረከቡ ሁሉ፣ ሳትከፍቱ፣ ሳትነኩ፣ ሳታዩ አትፈርሙ። ለጎረቤትም አትተዉት። የደገሰላችሁ ሰው ቅር ቢለው ነገ ይታረቃችኋል። የሰብለ ወንጌልን የልብስ ቁልፍ ግን እስከ ዛሬ የምትቆልፍላት ጽጌ ናት።